ሠረገላውን ያፈጠነው ምንድን ነው?

ጋሪ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። በብዙ ከተሞቻችን ጋሪ ሰው ያመላልሳል። ከገበያ ወደ ቤት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ወደ ሰፈር ያደርሳል። ለአጭር መንገድ ጥሩ ነው። ነገር ግን በጋሪ ተሳፍሮ 300 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ታውቃላችሁ? አታውቁም። ፈረሱ ገና መንገዱን ሳያጋምስ ይደክማል።

በእንግሊዝ አገር ግን ሰዎች ባቡርም መኪናም ሳይኖር እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ በፈረስ ሠረገላ ይጓዙ ነበር። በመጀመሪያ ጉዞው የኤሊ ጉዞ ነበር። በኋላ ግን አምስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። እንዴት ሆኖ? ፈረስ ዞሮ ዞሮ ፈረስ ነው። ክንፍ አላወጣም። ታዲያ ሠረገላውን ያፈጠነው ምንድን ነው? ለፍጥነቱስ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ዛሬ ይህን እናነባለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምዕራፍ ማለት ምን ማለት ነው?

እንግሊዞች ለዚህ ሠረገላ የሰጡት ስም በእኛ ቋንቋ «የምዕራፍ ሠረገላ» እንደ ማለት ነው። ምዕራፍ የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ታውቁታላችሁ። መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት እየተባለ ይከፈላል። የቃሉ ሥር «ዐረፈ» የሚለው ነው። ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሠረገላም ጉዞውን በምዕራፍ ይከፍል ነበር። በየ16 ኪሎ ሜትሩ ገደማ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አለ። ከቤቱ ጀርባ የፈረስ ጋጣ አለ። ሠረገላው እዚያ ሲደርስ የደከሙት ፈረሶች ይፈታሉ። ያረፉት ይጠመዳሉ። ተሳፋሪዎቹ ያው ናቸው፤ ሠረገላውም ያው ነው። ፈረሶቹ ብቻ ይለወጣሉ።

ሠረገላው አራት ጎማ አለው። ብዙውን ጊዜ አራት ፈረሶች ይስቡታል። እንደ ትንሽ ክፍል ጣሪያ፣ በርና መስኮት አለው። ውስጡ አራት ወይም ስድስት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ነጂው ከፊት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሌሎች ተሳፋሪዎች ደግሞ ጣሪያው ላይ ይወጣሉ። የእነርሱን ነገር ቆይተን እናየዋለን።

ጭቃው

በ1658 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ኤክሰተር ከተማ የሚሄድ ሠረገላ ነበር። መንገዱ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው አራት ቀን ይፈጃል። ዋጋው 40 ሽልንግ ነው። በ1754 ዓ.ም. ደግሞ ከማንቸስተር ወደ ለንደን የሚሄድ ሠረገላ በማስታወቂያ ተነገረለት። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቶቹ በአራት ቀን ተኩል እናደርሳችኋለን አሉ። ሰው አያምነንም ብለው ስለ ሰጉ እውነት መሆኑን በማስታወቂያው ላይ አጥብቀው ተናገሩ። በዚያ ዘመን አራት ቀን ተኩል መብረር ነበር።

ጉዞውን ያዘገየው መንገዱ ነው። በክረምት ጎማው እስከ መሐሉ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በበጋ የደረቀው ቦይ ሠረገላውን ይገለብጠዋል። ዳገት ላይ ተሳፋሪዎች ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ይገፋሉ።

መንገዱን የሚጠግነው ማን ነበር? ከ1500ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሕግ የተገደደው የአጥቢያው ሕዝብ ነው። በዓመት ስድስት ቀን ያለ ክፍያ መሥራት ነበረበት። የመንደሩ ገበሬ በረጅም መንገድ አይጓዝም። ጎማ የሚያበላሸው መንገድ የሩቅ ነጋዴና የመኳንንት መሄጃ ነው። ለሌላ ሰው ሠረገላ ብሎ የራሱን እርሻ ጥሎ የሚደክም ማን ነው? ስለዚህ ሥራው የይስሙላ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት ድንጋይ ወርውሮ ወደ ቤት መሄድ።

ዓይነ ስውሩ መንገድ ሠሪ

ከ1663 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጣ። በአንዳንድ መንገዶች ላይ ኬላ ተተከለ። በኬላው የሚያልፍ ሠረገላ፣ ጋሪና ከብት ይከፍላል። ገንዘቡ መንገዱን ይጠግናል። ይህ አሠራር በ1700ዎቹ ውስጥ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። በ1830ዎቹ የኬላ መንገዶች ርዝመት 35,000 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር።

ከመንገድ ሠሪዎቹ መካከል አንዱ ጆን ሜትካፍ ይባላል። የተወለደው በ1717 ዓ.ም. ነው። በስድስት ዓመቱ ፈንጣጣ ያዘውና ሁለት ዓይኖቹ ጠፉ። ነገር ግን እቤት አልተቀመጠም። ፈረስ ይጋልብ ነበር። በዕቃ ጋሪ ይነግድ ነበር። በ1765 ዓ.ም. ገደማ አምስት ኪሎ ሜትር የምትሆን መንገድ ለመሥራት ተዋዋለ። ሰዎች ተጠራጠሩ። እርሱ ግን ረጅም በትር ይዞ መሬቱን እየነካካ፣ በእግሩ እየዳሰሰ መረመረ። የት እንደሚጠና፣ የት እንደሚረግብ ለየ። ሒሳቡን በራሱ ጭንቅላት ሠራው።

ረግረግ ሲያጋጥመው ሌሎች መሐንዲሶች እንዞራለን ይላሉ። ሜትካፍ ግን ቁጥቋጦ አሳጭዶ በነዶ በነዶ አሰረና ረግረጉ ላይ አነጠፈ። በላዩ ድንጋይና ጠጠር አፈሰሰ። መንገዱ አልሰመጠም። እስኪያረጅ ድረስ 290 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሠራ።

ሌላው ጆን ማክአዳም የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው። በ1816 ዓ.ም. የብሪስቶል አካባቢ መንገዶች ኃላፊ ሆነ። የእርሱ ዘዴ ቀላል ነው። አንደኛ፣ መንገዱ ከአካባቢው መሬት ከፍ ይበል። ሁለተኛ፣ ውሃው በግራና በቀኝ በቦይ ይውረድ። ሦስተኛ፣ ትልልቅ ድንጋይ ይቅር፤ ትንንሽ ኮረት ብቻ ይነጠፍ። የአንዱ ኮረት ክብደት ከ170 ግራም አይበልጥ። ይህ የዶሮ ዕንቁላል የሚያህል ድንጋይ ነው። ጎማ ሲሄድበት ኮረቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። እየተረገጠ ይጠነክራል።

ይህን ሁሉ ኮረት የፈለጠው ማን ነው? ድሆች ናቸው። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች በመንገድ ዳር ተቀምጠው በትንሽ መዶሻ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ይሰብሩ ነበር። ሠረገላው በአጠገባቸው እየበረረ ያልፋል። እነርሱ ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ የላቸውም።

ሰዓትና ወረቀት

መንገዱ ተሻሻለ። አሁንም ግን ሠረገላው ሲፈልግ ይነሳል፤ ሲፈልግ ይደርሳል። ሰዓት የሚያከብር አልነበረም።

ጆን ፓልመር በባዝ ከተማ የቲያትር ቤት ባለቤት ነበር። ተዋናዮቹን ከባዝ ወደ ብሪስቶል ቶሎ ቶሎ ማመላለስ ለምዷል። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ፖስታ የሚሄደው በፈረስ ላይ በተቀመጡ ወጣቶች ነበር። ይዘገያል፤ ይዘረፋልም። ፓልመር እንዲህ ብሎ አሰበ። ተዋናይ በፍጥነት ከደረሰ ደብዳቤ ለምን አይደርስም? የፖስታ ቤት ሹሞች ተቃወሙት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ግን እስቲ ይሞከር አለ።

ነሐሴ 2 ቀን 1784 ዓ.ም. የመጀመሪያው የፖስታ ሠረገላ ከብሪስቶል ተነሣ። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለንደን ገባ። 190 ኪሎ ሜትር ያህል በ16 ሰዓት ማለት ነው። ቀድሞ ፖስታው እስከ 38 ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

የፖስታ ሠረገላ ከደብዳቤው ጋር ተሳፋሪም ይጭናል። ከኋላው የታጠቀ ዘብ ይቆማል። ዘቡ ጠመንጃ፣ ሽጉጥና ጥሩምባ አለው። ኬላ ሊደርስ ሲል ጥሩምባውን ይነፋል። የኬላው ጠባቂ ተሯሩጦ በሩን ይከፍታል። ፖስታ አይከፍልም፤ አይቆምም። በምዕራፉም ያሉ የፈረስ ሠራተኞች ጥሩምባውን ሰምተው ፈረስ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በኋለኛው ዘመን አራቱን ፈረሶች ለመለወጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር።

ዘቡ በሣጥን የተቆለፈ ሰዓትም ይይዛል። እንዳይነካካው ነው የተቆለፈው። በእጁ ደግሞ ወረቀት አለ። በወረቀቱ ላይ የየምዕራፉ መድረሻ ሰዓት ተጽፏል። የደረሱበት ሰዓት ከጎኑ ይሞላል። ከዘገዩ ምክንያቱ ይጻፋል። እንግዲህ ይህ ሥራ ጉልበት ብቻ አይበቃውም። ማንበብ፣ መጻፍና ቁጥር ማወቅ ይጠይቃል።

አንድ የሚያስገርም ነገርም አለ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን የሚሞላው በራሱ ፀሐይ ነበር። በብሪስቶል እኩለ ቀን የሚሆነው ከለንደን 10 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የሠረገላው ሰዓት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ እንዲፈጥን፣ ወደ ምዕራብ ሲሄድ እንዲዘገይ ተደርጎ ይስተካከል ነበር።

በመንገዱ፣ በፈረስ ቅያሬው፣ በሰዓቱና በወረቀቱ ምክንያት በ1830ዎቹ ከማንቸስተር ለንደን ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረስ ጀመር። ቀድሞ አራት ቀን ተኩል የነበረው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም? ሠረገላውን ያፈጠነው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። መንገድ ሠሪው፣ ድንጋይ ፈላጩ፣ የጋጣው ሠራተኛ፣ ነጂውና ዘቡ ሥራቸውን ስላያያዙት ነው።

ስለ አንበሳ ካነሣን አይቀር አንድ ታሪክ እናውራ። በጥቅምት ወር 1816 ዓ.ም. ወደ ለንደን የሚሄደው የኤክሰተር ፖስታ ሠረገላ ማታ አንድ ማረፊያ ቤት ደጃፍ ቆመ። ከተጓዥ የአራዊት ማሳያ ያመለጠች እንስት አንበሳ ከጨለማው ወጥታ የፊተኛውን ፈረስ ያዘች። በእንግሊዝ አገር አንበሳ ይመጣል ብሎ ማን ይጠብቃል! ተሳፋሪዎቹ ሮጠው ማረፊያ ቤቱ ገቡና በሩን ቆለፉ። ዘቡ ሊተኩስ ሲል የአራዊቱ ባለቤት ለመነው። በኋላ አንበሳይቱ ከአንድ ጎተራ ሥር ተይዛ ወጣች። ፈረሱም ቆስሎ ተረፈ።

ከጣሪያው ላይ

አሁን ወደ ጣሪያው ሰዎች እንመለስ። በ1830 ዓ.ም. ገደማ ውስጥ ለመቀመጥ ለአንድ ማይል እስከ 5 ፔኒ ይከፈል ነበር። ማይል ማለት 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ጣሪያ ላይ ለመቀመጥ እስከ 3 ፔኒ ነው። 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ ነው። የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደሞዝ 10 ሽልንግ ገደማ ነበር። ይህ 120 ፔኒ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መንገዱ 100 ማይል ነው እንበል።

ውስጥ፦ 100 × 5 = 500 ፔኒ። ይህ ከአራት ሳምንት ደሞዝ ይበልጣል።
ጣሪያ ላይ፦ 100 × 3 = 300 ፔኒ። ይህ የሁለት ሳምንት ተኩል ደሞዝ ነው።

እንግዲህ ሠርቶ አደሩ ጣሪያውንም አይደፍረውም። በእግሩ ይሄዳል። ወይም እንደ ሰው እርምጃ በሚያዘግም የዕቃ ጋሪ ላይ በጆንያ መካከል ይቀመጣል።

ጣሪያ ላይ የወጣውም ዝናብና በረዶ ይወርድበታል። እንቅልፍ ከወሰደው ይወድቃል። ጭነቱ ከበዛ ሠረገላው ይገለበጣል። ባለቤቶቹ ገንዘብ ለማግኘት ሰው ይደራርቡ ነበር። ስለዚህ በ1788 ዓ.ም. ከጣሪያ ላይ ከስድስት ሰው በላይ እንዳይጫን ሕግ ወጣ። በመጋቢት 1812 ዓ.ም. የባዝ ሠረገላ ቺፕንሃም ከተማ ሲደርስ ሁለት የጣሪያ ተሳፋሪዎች በብርድ ደርቀው ሞተው ተገኙ። ውስጥ የተቀመጡት በደኅና ደረሱ። በአንድ ሠረገላ፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መንገድ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ የከፈሉት ገንዘብ ብቻ ነው።

ፈረሶቹም ዋጋ ከፍለዋል። በፈጣን ሠረገላ የተጠመደ ፈረስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ከሠራ በኋላ ለዚያ ሥራ አይሆንም ነበር።

ኬላውም ገበሬውን አስመረረው። በዌልስ አገር ገበሬ ለማሳው ኖራ ሲያመጣ በየኬላው ይከፍላል። በአጭር መንገድ ብዙ ኬላ ተተክሏል። ከ1839 እስከ 1843 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ተነሡ። ወንዶቹ እንዳይታወቁ የሴት ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በሌሊት የኬላ በር ይሰብሩ ነበር። መሪያቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰደ ስም ርብቃ ይሉታል። በ1844 ዓ.ም. የደቡብ ዌልስን የኬላ ክፍያ የሚቀንስ ሕግ ወጣ።

ባቡር ሲመጣ

መስከረም 15 ቀን 1830 ዓ.ም. ከሊቨርፑል ወደ ማንቸስተር የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ተመረቀ። በ1838 ዓ.ም. ደግሞ ለንደንና በርሚንግሃም በሐዲድ ተገናኙ። ባቡር አይደክመውም። በየ16 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ የለበትም። በ1844 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ባቡር ኩባንያዎች በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ በማይል 1 ፔኒ ሰው እንዲጭኑ አዘዘ። ያውም ጣሪያ ባለው ፉርጎ። ሒሳባችንን እንቀጥል። 100 × 1 = 100 ፔኒ። ይህ ከአንድ ሳምንት ደሞዝ ያንሳል። ያን ጊዜ ሠርቶ አደሩም ሩቅ አገር ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ ቻለ።

ሠረገላው ግን ተሸነፈ። ዊልያም ቻፕሊን የተባለ ባለጸጋ ከ1,000 በላይ ፈረሶች ነበሩት። ነገሩ ቶሎ ገባው። ሠረገላውን ሸጦ ገንዘቡን በባቡር ላይ አዋለ። በኋላም የባቡር ኩባንያ ሊቀመንበር ሆነ። የጋጣው ሠራተኛ፣ ጫማ ጠራጊው፣ ነጂውና ዘቡ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። ሐውንዝሎ የተባለችው ከተማ ከለንደን ወደ ምዕራብ የመጀመሪያዋ ምዕራፍ ነበረች። በጋጣዎቿ 2,000 ያህል ፈረሶች ይታሰሩ ነበር። ባቡሩ በሌላ በኩል ሲያልፍ ጋጣዎቹ ባዶ ቀሩ። ከለንደን የሚነሣው የመጨረሻ የፖስታ ሠረገላ በ1846 ዓ.ም. ቆመ። በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ግን እስከ 1874 ዓ.ም. ዘለቀ።

ውድ አንባቢያን፣ መንገድ ስናይ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ማን ሠራው? ማን ከፈለበት? ማን ተሳፈረበት? ድንጋይ የፈለጡት እናቶች በሠረገላው አልሄዱም። የእነርሱ ስም በታሪክ አልተጻፈም። የዓይነ ስውሩ የሜትካፍ ስም ግን ተጽፎ ዛሬ እኛ ጋ ደርሷል። እናንተም ዛሬ አነበባችሁት።

ለውይይት

1. የእንግሊዝ የመንደር ገበሬ መንገዱን በደንብ ያልጠገነው ለምንድን ነው? በእናንተ አካባቢ መንገድ የሚጠግነው ማን ነው?
2. የሠረገላው ዘብ ማንበብና መጻፍ ባይችል ምን ይቸገር ነበር?
3. መንገዱ 60 ማይል ቢሆን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ስንት ፔኒ ይከፍላል? ጣሪያ ላይስ? በባቡርስ?
4. አዲስ ሥራ ሲመጣ አሮጌው ሥራ ይጠፋል። የሚጎዳው ማን ነው? ምን ቢደረግ ይሻላል?

አዲስ ቃላት

ምዕራፍ፦ ማረፊያ፤ የጉዞ ወይም የመጽሐፍ ክፍል።
ኬላ፦ መንገደኛ ቆሞ የሚከፍልበት ወይም የሚፈተሽበት በር።
ኮረት፦ ለመንገድና ለቤት ሥራ ተሰብሮ የተዘጋጀ ትንንሽ ድንጋይ።
ረግረግ፦ ውሃ የያዘ፣ እግር የሚያሰምጥ መሬት።
ሐዲድ፦ ባቡር የሚሄድበት የብረት መንገድ።